ስንተኛ ወጣህ?

አባቴ በልጅነቴ ዘመን የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሰበታ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀኝና ካርዴን ከእጄ ሳይቀበል «ስንተኛ ወጣህ?» ይለኛል። «ስንት አመጣህ?» ብሎኝ አያውቅም። አማካይ ውጤቴ ሰማንያ ሁለት ይሁን ዘጠና ሁለት ግዱ አልነበረም። እርሱ የሚፈልገው ቁጥር ከካርዱ ግርጌ፣ «ደረጃ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የተጻፈውን ነው። ሁለተኛ የወጣሁ እንደሆነ «አንደኛው የማን ልጅ ነው?» ይላል። አንደኛ የወጣሁ እንደሆነ ደግሞ «ከስንት ልጅ?»

ባለፈው ክረምት ጣራችን አፍስሶ የአባቴን የሰነድ ሻንጣ ወደ ደረቅ ቦታ ሳዛውር፣ ከማኅተም ብዛት የቀላ አንድ የቆየ ወረቀት እጄ ገባ። ጀርመንኛ አላነብም፤ ቁጥር ግን እንጀራዬ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ ሳይታዘዝ ወደ ቁጥሩ ዓምድ ወረደ። 1፣ 2፣ 1፣ 1፣ 3፣ 1። ደነገጥሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ስንተኛ ወጣህ» ሲለኝ የኖረው ሰው የዲ ተማሪ ነበር ማለት ነው?

አባቴ ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በምሥራቅ ጀርመን አንድ ማለት እጅግ በጣም ጥሩ ማለት ነው፤ አምስት ማለት ደግሞ መውደቅ። እርሱ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ልጆች መጀመሪያ ላይፕዚግ በሄርደር ኢንስቲትዩት ቋንቋ ተምሮ፣ ከዚያ ወደ ሙያው ገብቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ነው የተመለሰው። ስሙን በማላነሣው አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጠር ሲሄድ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰው ልክ እንደ እኔ ዓምዱን ወደ ታች ካየ በኋላ፣ «ጓድ፣ በዚህ ውጤት እንዴት ነው ያስመረቁህ?» አለው። ወረቀቱ ተተርጉሞ፣ ደብዳቤ ተጻጽፎ፣ ነገሩ እስኪጣራ ስምንት ወር ከእርከኑ ዝቅ ብሎ ሠራ። አባቴ ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን በዚያው ሌሊት፣ እንደ ልማዴ፣ አራት መስመር ጫርኩ።

ከባሕር ማዶ ላይ አንድ ብለው ሸለሙት፣
ከሀገሩ ደጃፍ አንድ ብለው አስቀሩት፤
ቁጥሩስ ያው ቁጥር ነው፣ ምን ጥፋት አለበት፣
ሰፋሪው ነው እንጂ ቁናው የጠፋበት።

ቁና ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። አያቶቻችን እህል ሲሸጡ ሲገዙ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና እንደማይስተካከል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቁናውን ያያል። የትምህርት ውጤትን የሚቀበል ሰው ግን ቁናውን ለማየት ትዕግሥት የለውም። ይህች ሀገር ደግሞ በመቶ ዓመት ተኩል ውስጥ ያልሰፈረችበት ቁና የለም።

ከሁሉ በፊት የነበረው ቁጥር አልነበረውም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አድርጎ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ብቻውን ወጥቶ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ቅኔውን ያወጣል። ከዚያ ከየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። ካላማረ ይታረማል፤ ካማረ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዱን በሁለት ዓመት ቤት የሚሞላ አለ፤ አምስት ዓመት የሚፈጅበትም አለ። የዘገየው ዘገየ እንጂ ወደቀ አይባልም። ድጓ የዘለቀው በእግሩ ተጉዞ ቤተልሔም ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «ማስመስከር» ነው። ምስክር የሚሆነው ሰው እንጂ ወረቀት አይደለም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሁሉ የምንለው «ተመረቀ» የሚለው ቃልም ከዚያው ዓለም የመጣ ነው፤ ምርቃት ተቀበለ ማለት ነው። ምርቃት ደግሞ ከመቶ ስንት ተብሎ አይጠየቅም።

(የቤተ ክህነቱን ትምህርት ያለ ነቀፋ ለማወደስ አይደለም። የየኔታ አለንጋ ከማንኛውም ኤፍ ይልቅ ያቃጥል እንደነበር የቀመሱት ይመሰክራሉ።)

ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ራስ ተፈሪም በ1917 ዓ.ም. የራሳቸውን ሲከፍቱ፣ ከውጭ ቋንቋዎቹ ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ፈረንሳይ የምትሰፍረው በሃያ ነው፤ ዐሥር ያመጣ ያልፋል። ሃያ ለእግዚአብሔር፣ ዐሥራ ዘጠኝ ለመምህሩ ነው የሚል ቀልድ አላቸው፤ ስለዚህ ዐሥራ አምስት ያመጣ ልጅ በጓደኞቹ መካከል ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ይኸው ዐሥራ አምስት ወደ መቶ ሲመነዘር ሰባ አምስት ሆኖ ሰበታ ቢመጣ አባቴ ፊት አያቆምም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ አበባ መካከል በሃያ ይሰፍራል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። ኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት የተማሩት ልጆች የለንደንን ፈተና ይፈተኑ ነበር። ፈተናው ከሄደ ስንት ዘመኑ! «ማትሪክ» የሚለው ስሙ ግን ከእኛ አፍ አልወጣም። ቀጥሎ አሜሪካኖቹ መጡ። የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ መምህራን እጅ ተተከለ፤ በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በአሜሪካ እርዳታና ምክር ሲደራጅ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ከእነ አራት ነጥቡ ሀገርኛ ሆነ። እነዚህ ፊደላት ከሰማይ የወረዱ ለሚመስለን ሁሉ ልደታቸውን ላስታውስ። ማውንት ሆልዮክ የተባለው የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1897 የፊደል ውጤት ሲጀምር፣ ኤ የሚያገኘው 95ና ከዚያ በላይ ያመጣ ብቻ ነበር፤ ከ75 በታች ያመጣ ደግሞ ይወድቃል። የዚያን ዓመት የመውደቂያዋ ፊደል ኢ ነበረች። ኤፍ በዓመቱ ነው የመጣችው። ሰባ አራት አምጥቶ መውደቅ ማለት ነው! የእኛ ልጅ ሰባ አራት ቢያመጣ እናቱ ቡና ታፈላለች።

የደርግ ዘመን የከፈተው በር ደግሞ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ኩባና አባቴን ወደ ወሰደው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ነበር። ሶቪየቶች የሚሰፍሩት በአምስት ነው፤ እዚያ አምስት ከሁሉ የላቀው፣ ሁለት ደግሞ ውድቀት ነው። እንግዲህ በአንድ ሰሞን ቦሌ ከወረዱት ሁለት ምሩቃን አንዱ ሁሉንም አምስት ያመጣ፣ ሌላው ሁሉንም አንድ ያመጣ፣ ሁለቱም ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ። በአባቴ ወረቀት የተደናገረው ያ ሰው ምናልባት በማለዳው የሞስኮ ተመላሽ አስተናግዶ ይሆናል። የሶቪየቶቹ ነገር ከዚህም የሚገርም ታሪክ አለው። አብዮተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1918 የትምህርት ቤት ውጤትን ጭራሽ ሰርዘውት ነበር፤ ሰውን በቁጥር መለየት የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው ብለው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆዩት፤ በ1935 በቃላት ደረጃ መልሰው አመጡት፤ በ1944፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ አሮጌው የአምስት ቁጥር ተመለሰ። ንጉሥ ያወረደ አብዮት ካርድ ማውረድ አቃተው።

ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ የ1993ቱ ለውጥ ልጅ ነኝ። ቀድሞ ማትሪክ 12ኛ ክፍል ላይ በፊደል ይሰጥ የነበረው ቀርቶ፣ በዚያ ዓመት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጀመረ፤ 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተከተለ። ስለዚህ 10ኛ ክፍል በፊደል ተሰፈርሁ፤ 12ኛ ክፍል በመቶኛ ተሰፈርሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንደገና በፊደል። ያው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት፣ ሦስት ቁና። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ከርቭ» የሚባል ነገር ነበር። መምህሩ ውጤቱን ሁሉ ይደረድርና ላይኞቹን ኤ፣ ቀጣዮቹን ቢ እያለ ይወርዳል። ስልሳ አምስት አምጥቼ ኤ ያገኘሁበት ትምህርት አለ፤ ሰባ ስምንት አምጥቼ ቢ ያገኘሁበትም አለ። ጎበዝ የሆነው መንገድ አብሮህ የሚቀመጠው ሰው እንዲሰንፍ መጸለይ ነበር! በፈረንጅ ስም ተጠርቶ፣ በፊደል ተሸፍኖ የመጣው ነገር የአባቴ ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከርቭ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በምን ይለያል? ለነገሩ አሜሪካኖቹም የጀመሩት ከዚያው ነው፤ የዬሉ ፕሬዚዳንት ኤዝራ ስታይልስ እ.ኤ.አ. በ1785 ተማሪዎቹን ከምርጦቹ እስከ ደካሞቹ በአራት ተራ በላቲን ስም ከፋፍሎ መዝግቧቸዋል።

አባቴን አንድ ቀን፣ «ጀርመን እያለህ ስንተኛ ትወጣ ነበር?» አልኩት። ቆየና፣ «አላውቅም» አለኝ። «እዚያ ደረጃ አይነገርም። አምስት ዓመት ሙሉ ከክፍሉ ስንተኛ እንደሆንኩ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ነፃነት መሰለኝ። ኋላ ግን፣ ምን ልበልህ፣ ብርድ ነበረው።»

ይህን ብርድ የሚያውቅ ወጣት በቅርቡ ወደ መስኮቴ መጣ። የምሠራው ቡራዩ ነው፤ ልጁም የሚሠራው እዚያው ሲሆን ቤቱ ግን ሱሉልታ ነው። ጀርመን ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቶ ስለ ውጭ ምንዛሪ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ጨዋታ ሲመጣ ቅሬታውን ነገረኝ። «ሦስት ነጥብ ነበረኝ፤ ወደ ሁለት ነጥብ አምስት ዝቅ አደረጉብኝ።» አባቴ ትዝ አለኝና ወረቀት አወጣሁ። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚመነዝሩበት፣ የባቫሪያ ቀመር የሚሉት ስሌት አላቸው። ከሀገርህ ከፍተኛ ውጤት ላይ ያንተን ትቀንሳለህ፤ የቀረውን በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ መካከል ባለው ልዩነት ታካፍላለህ፤ በሦስት አባዝተህ አንድ ትደምራለህ። የእኛ ከፍተኛ አራት፣ የማለፊያው ሁለት ነው። ሦስት ነጥብ ያለው ሁለት ነጥብ አምስት ይወጣለታል። አራት ነጥብ ያመጣው አንድ ይሆናል፤ በሁለት ነጥብ ለጥቂት የተረፈው አራት ይሆናል። የእኛ አንበሳ የያዘው ቁጥር፣ እዚያ በር ላይ ሊወድቅ ሲል የተያዘው ሰው ቁጥር ነው። «አላሳነሱህም፤ ገልብጠው ነው የሰፈሩህ» አልኩት። ከኋላው የተሰለፉት ደንበኞች ማጉረምረም ስለጀመሩ የዴንማርክን አልነገርኩትም። እዚያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው መለኪያ ከሦስት ኔጌቲቭ ይጀምርና ዐሥራ ሁለት ላይ ያበቃል፤ ዜሮና ሁለት የሚጻፉት ፊታቸው ላይ ሌላ ዜሮ ተጨምሮ ነው። አንዱ ተንኮለኛ አንድ ጭሮ ሁለትን ዐሥራ ሁለት እንዳያደርጋት። ቼክ ላይ ከቁጥሩ ፊትና ኋላ መስመር የማያሰምር ደንበኛ ገጥሞኝ ለሚያውቅ ለእኔ፣ እነዚህ ሰዎች ልባቸው የባንክ ሠራተኛ ልብ ነው።

በእኛ ሙያ ሌላው የሚያስቀና ነገር ሰሌዳው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ብር የቱን ያህል እንደወረደ ሰው ሁሉ በዚያው ሳምንት ከሰሌዳ ላይ አነበበ፤ ተቆጣ፣ አዘነ፣ ግን አወቀ። የውጤት ዋጋ ሲወርድ የሚለጠፍ ሰሌዳ የለም።

ያለመኖሩን ለማየት ጀርመን መሄድ አያስፈልግም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ ተብለው እስኪጠቃለሉ ድረስ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ነበሩ፤ ያኔም አሁንም ግን የኦሮሚያ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ የራሱ የትምህርት ቢሮ አለው። ከጀሞ ዓለም ገና፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ተሻግሮ ሱሉልታ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። በዚያች አንድ ታክሲ መንገድ ግን ቁናው ይለወጣል። አዲስ አበባ 7ኛና 8ኛ ክፍል የሚማረው ልጅ ሒሳቡንና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ይፈተናል፤ የኦሮሚያው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ። ሁለቱም ሰማንያ አምስት አመጡ እንበል። አንደኛው ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄውን ባለመረዳት ዐሥራ አምስት አጥቶ ይሆናል፤ ሌላው ጥያቄውን ጥንቅቅ አድርጎ ተረድቶ ሒሳቡ ላይ። ሁለቱ ሰማንያ አምስቶች በአንድ ግቢ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እናቶቻቸውም በአንድ ምጣድ እየተረዳዱ ይጋግራሉ። የማን ልጅ እንደሚበልጥ ግን ማንም ሊነግራቸው አይችልም። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ለሁለቱም እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል፤ 12ኛ ክፍል ደግሞ አንድ ዓይነት ወረቀት።

ያ ወረቀት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እንዴት እንደተሰጠ አንባቢ አይዘነጋውም። የ2014 ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ከየቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነው ተፈተኑ። እኛ ሰፈር ትራስና ብርድ ልብስ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው ሲወጡ እናቶች እስከ አስፋልቱ ሸኝተዋቸዋል። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር፣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። ከመቶ ሦስት ነጥብ ሦስት። በ1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም።

ሌላው ሰው ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን እጥረት፣ ስለ ፈተናው ክብደት ብዙ ተናገረ። ሁሉም ሳይሆን አይቀርም። እኔን ግን ያስለቀሰኝ የቁጥሩ ሌላ ገጽ ነው። በእነዚያ 1,161 ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው ውስጥ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ካርዱ ላይ «ደረጃ፦ 1ኛ» ተብሎ የተጻፈለት፤ ሰኔ ላይ ተጨብጭቦለት ደብተርና እስክሪብቶ የተሸለመ፤ አባቱ በቀለበት መንገድ ሥር ይሁን በእርሻው ዳር ቆሞ «ከስንት ልጅ?» ያለው። ከዘመድ ከጎረቤት ፊት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንደኛ ነበር፤ ማንም አልዋሸውም፤ በእውነት አንደኛ ነበር። ጥር ላይ ግን ከቤቱ ቁና ወጥቶ በሌላ ቁና ተሰፈረ። ስለ እነርሱ ግጥም ልጽፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ለአንደኛ ምን ተብሎ ይጻፍለታል?

ልጄ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። ትምህርት ቤቷ ለታናናሾቹ ደረጃ መጻፍ ትቷል፤ ካርዱ ላይ ያለው ውጤትና የመምህርቷ አስተያየት ብቻ ነው። አባቴ ደጃፉ ላይ፣ እኔን በሚጠብቅበት በዚያው ቦታ ቆሞ ጠበቃት። አሁን እርጅና ስለተጫጫነው ተቀምጦ ነው ማለት ይሻላል። ካርዱን ተቀብሎ ገለበጠው፤ እንደገና መለሰው፤ መነጽሩን አወለቀ።

«ስንተኛ ወጣሽ፣ የኔ እናት?»

«ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነኝ፣ አያዬ። ከመስኮቱ በኩል።»

አባቴ ሳቀ። የጀርመኑን ወረቀት ከሻንጣው አስወጥቶ ከካርዷ ጎን አስቀመጠና፣ አንድ ማለት እዚያ ምን ማለት እንደነበር ያስረዳት ጀመር። እርሷ ዘጠና ሰባቷን ይዛ አንዱን በማዘን ዓይን ታየዋለች። እኔ ቡና እስኪደርስ ድረስ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና ለመምህርቷ ስልክ ደወልኩ። ብዙ ወላጅ እንደሚደውልላት ከድምፅዋ ያስታውቃል። ስንተኛ እንደሆነች ዝግ ብላ ነገረችኝ።

ለአባቴ አልነገርኩትም።